በእሱ ቋንቋ ጨዋ ናት

ግን ቶሎ ነው ያላት፣ ሂጂ ያላት ቶሎ ነው፣ ስልኩን ገና ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ አባዬ ወደቀ የሚለው የእህቷ ድምፅ ገና ጭንቅላቷ ውስጥ እየዞረ ባሏ ብድግ ብሎ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ራስ ላይ አወረደ፣ ረጅም ስለሆነ ወንበር እንኳ አላስፈለገውም፣ እጁን ሰደድ አድርጎ አወረደውና አልጋው ላይ ከፈተው፣ ሂጂ፣ እኔ እከተልሻለሁ፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለም፣ እና አሁን በዚህ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ማህደሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ የሚያብሰለስላት ይሄ ነው፣ ሰው ሚስቱን እንዲህ በቀላሉ ይሸኛል ወይ፣ ትንሽ አይንገራገርም ወይ። ትንሽ ቢንገራገር ምን ነበረበት።

ቀለለው እንዴ፣ ያለቻት ታናሽ እህቷ ናት፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ ዕቃ እያጠበች ነበር፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ አንቺን መሸኘት ቀለለው እንዴ፣ አለችና ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው ቃሉን ጠርጎ የሚወስደው መስሏት ይሆናል። አልወሰደውም። ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ነው፣ ቃሉ እስከዛሬ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቷል፣ አይወርድም፣ አይወጣም።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ አንድ መስኮት አለ፣ የጠዋት ፀሐይ በዚያ ገብታ ወለሉ ላይ ተንጋላለች፣ ወለሉ ተወልውሎ ገና አልደረቀም፣ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ከጫማው ሥር አንድ ሌላ ሰው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይከተለዋል፣ ትክ ብላ ስታያቸው ከላይኛው ይልቅ የታችኛው እውነተኛ ይመስላታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ እሷም ስንት ዓመት እንደዚያ ኖራለች፣ በሰው አገር ወለል ላይ ተገልብጣ፣ ሲሄዱ እየሄደች፣ ሲቆሙ እየቆመች። የታችኛዋ ሴት ሁሉም ነገር አላት፣ ጫማ አላት፣ ፀጉር አላት፣ ድምፅ ብቻ የላትም።

የመጣችው ባሏን ልታስመጣ ነው። በአጭሩ ሲናገሩት ታክሲ የመጥራት ያህል ነው። ሲዘረዘር ግን፣ እሷ የአገሩ ልጅ ናት፣ እሱ የውጭ አገር ሰው ነው፣ መጥቶ ከሚስቱ ጋር እንዲኖር እሷ ዋስ ሆና ማመልከት አለባት፣ ቢሮው ደግሞ ጋብቻው የእውነት መሆኑን ማጣራት አለበት። የእውነት። ባለፈው መልሰዋታል፣ ምክንያቱም ያላት የጋብቻ ፎቶ አንድ ነው፣ እሱም ላይ ሁለቱም የሥራ ልብስ ለብሰዋል፣ እሷ ነጭ ሽርጥ፣ እሱ ሰማያዊ ቱታ፣ ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ ብቅ ብሏል፣ በምሳ ሰዓት ነዋ የተጋቡት፣ ፈርመው፣ ተሳስመው፣ ወደየሥራቸው። ሌላ ፎቶ የለም ወይ አሏት። ማን ያንሳቸው፣ ሁለት ብቻ ነበሩ። በሩቅ ካሜራ የያዘ ዘመድ ያስፈልግ ነበር ለካ፣ ፍቅርም ምስክር ይቁጠር ተባለ፣ እሺ፣ ይቁጠር፣ ምን ታደርጋለህ።

የጎረቤት ሴቶች የስልኩ ባል ይሉታል። የስልኩ ባል እንዴት ነው፣ ደህና ነው፣ ቻርጅ አለው ወይ፣ እና ይሳሳቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ ለእያንዳንዷ የሚመጥናትን መልሳ ትስቃለች፣ የአንቺስ፣ ቤት ውስጥ ያለው ያንቺ ባል ኔትወርክ አለው እንዴ፣ ትላለች። እህቷ ደግሞ ረጅሙ ነው የምትለው፣ በስልኩ መስኮት ሲታይ ሁልጊዜ ከቅንድቡ በላይ ተቆርጦ ይቀራል፣ እስከዛሬ ግንባሩን አላየሁትም ትላለች፣ እኔ እንጃ፣ ቀንድ ይኖረው ይሆናል።

እሷም መጀመሪያ አላየችውም። ሰማችው እንጂ። በሱ አገር አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነበር፣ የተተኮሱ አንሶላዎች የተቆለሉበትን ጋሪ እየገፋች ሊፍት ውስጥ ገባች፣ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ አለ፣ መብራቱ ጠፋ፣ አንሶላዎቹ የካውያው ትኩሳት አልለቀቃቸውም፣ በጨለማው ውስጥ አንድ ትልቅ ገራም እንስሳ አጠገቧ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል ነበር፣ እንዲያውም ደገፍ አለችው፣ ኋላም አቀፈችው፣ ያኔ ከበሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። ከቃሉ አንድ እንኳ አልገባትም፣ ድምፁ ግን በበሩ ሥር እንደ ውሃ ሾልኮ ገብቶ እግሯን ነካት፣ ጉልበቷን ነካት፣ እያወራ፣ ዕቃው እየተንኳኳ፣ ደግሞ እያወራ፣ ልቧ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዓመት አልፎ ቋንቋው ትንሽ ትንሽ ሲገባት፣ የዚያን ቀን ምን ስትለኝ ነበር፣ አለችው። ምን እላለሁ፣ ቁርሴን ምን እንደበላሁ ነገርኩሽ፣ ካልሲዬ እንደተቀደደ ነገርኩሽ፣ ሌላ የማወራው ጠፋብኝ። እሷ ጸሎት መስሏት ነበር።

ካልሲ። አምስተኛው ክፍል ያስገቡኝ ይሆን ወይስ ስድስተኛው፣ ከፊቷ የነበረው ሽማግሌ ተጠርቶ ገባ፣ ቀጣይዋ እሷ ናት፣ እጇ ላይ ላብ፣ ሽርጧ ላይ ልትጠርገው ትሻለች፣ ሽርጥ አልለበሰችም፣ ዛሬ ቀሚስ ነው። የምትሠራበት የልብስ ንጽህና ቤት ፈቃድ የሰጣት እስከ ምሳ ሰዓት ነው፣ አለቃዋ፣ እስከ ምሳ ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ ብሏታል፣ ቀልዶ ነው፣ ሙሽሪት የሚሏት ሰዎች አሉ እዚያ፣ ምላጯ የሚሏትም አሉ።

ምላጯ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ስሟ ነው፣ አባቷ ነው ያወጣላት፣ ይቺ ልጅ ምላስ አይደለም ምላጭ ነው ያላት ብሎ፣ በርበሬ የምትሸጠዋን ሴትዮ ጣቷን ከሚዛኑ ላይ አስነስታለች፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ አስለቅሳለች፣ ሰው ሲያምታታ ካየች አትችልም፣ ሲጣሏት ትጣላለች፣ ሳይጣሏት ትጣላለች፣ ከተጣላች በኋላ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ምንም የለም፣ አንገታቸው ላይ ጥምጥም ብላ ትስማቸዋለች።

በእሱ ቋንቋ ግን ጨዋ ናት።

በእሱ ቋንቋ እንዴት ያለች ረጋ ያለች ሴት መሰለቻችሁ። ቃላቱን የለቀመችው ከሆቴሉ ነዋ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ፣ ወዲያውኑ፣ አመሰግናለሁ፣ ምንም አይደል፣ ከዚያ ከገበያ፣ ከዚያ ከትራሱ ጎን፣ ቆንጆ ነው፣ ደክሞኛል፣ ና እንተኛ፣ አመሰግናለሁ። ንዴት ሰዋስው ይፈልጋል፣ ግሱን ፈልጋ፣ ጊዜውን አስተካክላ፣ ከፊቱ ይሁን ከኋላው ብላ እስክታስብ ንዴቱ በርዶ፣ ሻይ ቀርቦ። ስለዚህ ፈገግ ትላለች። እሱም ፈገግ ይላል። አንድም ቀን ኮስተር ብላ አይቷት አያውቅም፣ በምን አፏ ትቆጣ፣ እና ያ ረጅም ሰው ለስላሳ ሴት ያገባ ይመስለዋል፣ አገሩን ትቶ፣ ሥራውን ትቶ፣ እናቱ የተቀበረችበትን ትቶ የሚመጣው ወደዚያች ለስላሳ ሴት ነው። እሷ ደግሞ እዚህ የለችም። እዚህ አገር እንደዚያች ያለች ሴት የለችም። በረጅሙ ጉዞ መጥቶ ከአውሮፕላን ሲወርድ የምትቀበለው ሌላ ሴት ናት፣ ያችው ራሷን የምትመስል፣ ሻንጣውን ቀስ አድርጉት ብላ ከሠራተኛው ጋር የምትጨቃጨቅ፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቆሞ፣ ይቅርታ፣ ሚስቴን አይታችኋል ወይ።

ይጠይቃል እንዴ። በየትኛው ቋንቋ ይጠይቃል።

አባቷ የጠየቃት ይህንኑ ነው፣ በሱ አኳኋን። አባቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር፣ ዕድሜውን በሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ፍሬን እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ወድቆ ቀኝ ጎኑ ሲሰንፍ ቃሉ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቃል ብቻ ቀረችው፣ ፍሬን። ሻይ ሲፈልግ ፍሬን፣ ሲናደድ ፍሬን፣ እሷ ከውጭ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ፊቷን በግራ እጁ እየዳበሰ፣ እንባው እየወረደ፣ ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን። የቱ ፍሬን የትኛው እንደሆነ የለየችው በድምፁ ነው፣ እህቷ ወራት የፈጀባትን እሷ በሳምንት ለየችው፣ ልምድ አላት፣ ቃሉን ትታ ድምፁን መስማት ታውቅበታለች። አሁን ቃላቱ አንድ አንድ እያሉ እየተመለሱለት ነው፣ እንደ ጠፉ ዶሮዎች፣ እና የባሏን ነገር ስታነሳበት ረጅም ጊዜ አሰበ፣ ከንፈሩ ሠራ፣ ሠራ፣ ምን... ብዬ... ላናግረው፣ አለ። አልተቆጣም። ጨንቆት ነው። ለራሱ ቃል የሚለምን ሰው እንግዳ መጣበት።

ስሟ ይጠራል። ስሟን ቢሮ ሲጠራው የሌላ ሰው ይመስላል፣ እስከ አያቷ ስም ድረስ፣ ትነሳለች፣ የታችኛዋም ትነሳለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጋረጃው በነፋስ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ይነፋል፣ ጉዳዩን የያዘችው ሴት ጉንፋን ይዟታል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል፣ ይቀመጡ፣ ማህደሩን፣ አመሰግናለሁ፣ እዚያ ጥግ ጠና ያለ ሰውዬ ተቀምጧል፣ መነጽሩ በገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አስተርጓሚያችን ናቸው፣ ባለቤትዎን በስልክ ስናነጋግር ይረዱናል፣ መጀመሪያ እርስዎን። እሺ። የት ተዋወቃችሁ፣ ሊፍት ውስጥ። ባለቤትዎ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ፣ መስኮት ይከፍታል። ከዚያስ። ይዘጋዋል፣ ብርድ ነዋ፣ በየቀኑ ይረሳዋል። ከዚያስ። እንዴት አደርሽ ይለኛል። እርስዎስ። ደህና፣ አመሰግናለሁ፣ እላለሁ። ሴትዮዋ ቀና ትላለች፣ ለባልዎ ነው፣ አዎ ለባሌ። ትጽፋለች። ብዕሩ ሲንሸራተት ይሰማል፣ መጋረጃው ይነፋል፣ ምን ጻፈች፣ ባሏን እንደ ሆቴል እንግዳ ታመሰግናለች ብላ ይሆን፣ ምን ታድርግ፣ እውነቱን ተናገሪ ተባለች።

በመካከላችሁ ጠብ ይነሳል ወይ፣ ትላለች ሴትዮዋ።

አይነሳም።

አንድም ቀን።

አንድም ቀን።

ብዕሩ ይቆማል። ሴትዮዋ በሶፍት አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ቀስ ብላ፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች፣ ስሙኝ፣ ትላለች፣ እኔ ከባሌ ጋር ዛሬ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ተጣልቼ ነው የመጣሁት። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጭራሽ አንጣላም የሚሉኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ንገሪያት፣ ንገሪያት እንጂ፣ ምላጯ የት ሄደች፣ እንዴት ብላ ትንገራት፣ እመቤቴ፣ እኔ የምጣላበት ቋንቋ የለኝም፣ በሱ ቋንቋ የማውቀው ግስ ለመጣላት አይበቃም፣ እኔ ራሴ እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ነኝ፣ ባሌ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው፣ እንዲህ ብትላት ደግሞ ሴትዮዋ የጠረጠረችውን ነው የሚሆነው፣ አይተዋወቁም። አይተዋወቁም እንዴ። እንደ አባቷ ከንፈሯ ይሠራል፣ ይሠራል።

እሺ፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ እሳቸውን እንጠይቃለን፣ እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ፣ ግን ቃል እንዳይተነፍሱ፣ ከተነፈሱ ምርመራው ይሰረዛል፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች፣ ይጠራል፣ ሩቅ ቦታ ይጠራል፣ ያ ክፍል ይታያታል፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሻንጣ የሌለበት ራሱ፣ አለሁ ይላል። ያው ድምፅ ነው። ወፍራም፣ የማይቸኩል። ጠዋት ነው እዚያም፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ንጹሕ ሸሚዝ እንደለበሰ በድምፁ ታውቃለች፣ ለስልክ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ነው።

አስተርጓሚው መነጽሩን ይሰካል፣ ድሮ እዚያ አገር የተማረ ይመስላል፣ ንግግሩ የመጽሐፍ ነው፣ ክቡር ሆይ የሚል ዓይነት፣ የት ተገናኛችሁ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ጠዋት ምን ያደርጋሉ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ከዚያ እዘጋለሁ፣ ሴትዮዋ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ሳቅ ነው፣ ሳቅ ይመስላል፣ እግዜር ይስጣት። ከባለቤትዎ ጋር ጠብ ይነሳል ወይ፣ ትላለች፣ አስተርጓሚው ያዞረዋል፣ አይ፣ አይ፣ ያ ቃል አይደለም፣ በዱላ የሚፋለሙበትን ቃል ነው ያወጣው፣ እሷ ይገባታል፣ መናገር አትችልም፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ከዚያ ባሏ፣ በዝግታ፣ እኔ እጄን አንስቼባት አላውቅም፣ ማን ነው እንዲህ ያለ፣ እሷ ናት ያለችው፣ ይላል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ እሷ ናት ያለችው ወይ። አይደለም ልትል ነው፣ አይደለም እኔ አይደለሁም፣ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ትሰካለች፣ ዝም፣ ዝም በይ አንቺ ሴት፣ ይሰረዛል።

አስተርጓሚው ግን ሽማግሌ ነው፣ ፊቷን አየት ያደርጋል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ቃሉን አሳስቼዋለሁ፣ ይላል ለቢሮዋ ሴት፣ ንትርክ ማለት ነበረብኝ፣ ጭቅጭቅ፣ የቤት ጭቅጭቅ። በሉ እንደገና፣ ትላለች። እንደገና ያዞረዋል።

እህ፣ ይላል ባሏ። ጭቅጭቅ። ትንፋሹ ይሰማል፣ ወንበሩ ይንቋቋል። እሷ ስትነቃ አንጣላም፣ ተኝታ ግን ትጣላኛለች።

ምን አለ፣ ትላለች ሴትዮዋ። ተኝታ ትጣላኛለች ይላል፣ ይላል አስተርጓሚው፣ እርግጠኛ አይደለም፣ ደግሞ ይጠይቃል፣ ተኝታ ነው ያሉት፣ አዎ ተኝታ፣ በእንቅልፏ ታወራለች፣ በራሷ ቋንቋ፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴ ትስቃለች፣ ብዙውን ጊዜ ትቆጣለች። እና ቋንቋውን ካላወቁ ቁጣ መሆኑን በምን አወቁ። እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፣ የትኛው ዕቃ እንደተጎዳ የምለየው ሳልፈታው ነው፣ በድምፁ።

መጋረጃው ይነፋል። በእንቅልፏ ታወራለች። ማን፣ እሷ። ማንም ነግሯት አያውቅም፣ ከእህቷ ጋር ስትተኛ ልጅ ሆና፣ ትራገጫለሽ ነበር የምትላት፣ ታወሪያለሽ ብላት አታውቅም፣ እዚያ ነው የጀመረችው እንግዲህ፣ ቀን የዋጠችውን ሁሉ ማታ፣ የታችኛዋ ሴት ተነስታ።

ምን ትላለች ታዲያ፣ ትላለች የቢሮዋ ሴት፣ ብዕሩን አስቀምጣለች፣ ይህ ጥያቄ ማህደሩ ላይ ያለ አይመስልም፣ ባሏም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ በድምፁ ይታወቃል፣ አታምታታ፣ ይላል፣ ደግመህ ኩተር፣ በትክል ኩተር፣ ቁጠር ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ግራ ይገባዋል፣ ሊያዞረው አፉን ከፍቷል፣ ከምን ወደ ምን ያዙረው፣ በገዛ ቋንቋው ነው የተነገረው። የቢሮዋ ሴት በአፍንጫዋ ትስቃለች፣ ሶፍት ትፈልጋለች፣ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ አንሱ፣ ይላል ባሏ ቀጥሎ፣ ተበረታቷል፣ ቲቱን ከሚዛኑ ላይ ነው ያለው ግን ገብቷቸዋል፣ መልኳን ሳያውቅ የበርበሬ ነጋዴዋን ይወቅሳታል፣ ቁጣው ሁሉ አለ፣ ዜማው ሁሉ አለ፣ መውጣቱ፣ መውረዱ፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ትንሽ ንቀት እንኳ ሳትቀር፣ ያ የሷ ነው፣ ያ የማንም አይደለም፣ ራሷን በሰው አፍ ስትሰማ ጆሮዋ ይግላል፣ ለስንት ዓመት ነው ይህን ሰው እዚያ አልጋ ላይ ስትሰድበው የኖረችው፣ እሱስ ምን ይል ነበር። ምን ይሉ ነበር ታዲያ፣ ትላለች ሴትዮዋ የልቧን እንደሰማች። እሺ፣ ይላል። እሺ እላታለሁ፣ ይቺን ቃል ነግራኝ ነበር፣ እሺ ስላት ዝም ትላለች።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። አንድ ሌላ ነበር፣ ይላል፣ ብዙ ጊዜ የምትለው፣ ይሄ ቁጣ አልነበረም፣ ስለዚህ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ እንደ ሰማሁት ይዤው ገበያ ሄድኩ፣ ያገሯ ሰው ፍራፍሬ የሚሸጥ አለ፣ ለሱ አልኩት፣ ምን ማለት ነው አልኩት።

ምን ነበር ያሉት።

ቤቴ ልኺድ። በቃኝ። ቤቴ ልኺድ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አያዞረውም። ማዞር አያስፈልገውም። ሰውየው ሲነግረኝ፣ ይላል ባሏ አሁን በራሱ ቋንቋ፣ አስተርጓሚው ከኋላ ከኋላው ቀስ ብሎ ይከተለዋል፣ ሰውየው ሲነግረኝ የገዛሁትን ብርቱካን እዚያው ረስቼው ሄድኩ። ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፣ ብጠይቃት ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ እንደምትለኝ አወቅሁ፣ በእኔ ቋንቋ እሷ ምስጋና ብቻ ናት። ስለዚህ አባቷ ታመመ ተብሎ ስልክ ሲመጣ እስክትለምነኝ አልጠበቅሁም። ልመናውን ሰምቼው ነበር፣ ስንት ዓመት።

እህ፣ ትላለች በሆዷ፣ እህ፣ ሻንጣው ከላይ ይወርዳል፣ እጁን ሰደድ አድርጎ ያወርደዋል፣ አልጋው ላይ ይከፍተዋል፣ እንደገና ያወርደዋል፣ ያንኑ እጅ ነው የምታየው፣ ያንኑ ሻንጣ፣ ግን አሁን ዚፑን ሲስተው ታያለች፣ ስቶት ነበር እንዴ፣ ሁለቴ ስቶታል፣ አይታው ነበር፣ አይታ ምን ብላ እንዳለፈችው አታውቅም፣ እየቸኮለ ነው ብላ። ጉሮሮዋ ላይ ያለው ነገር ይላቀቃል፣ ሲላቀቅ ያማል፣ እንባዋ ማህደሩ ላይ ጠብ ይላል፣ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፣ የቢሮዋ ሴት ሶፍቷን ታካፍላታለች፣ ሳታያት።

ስልኩ ይዘጋል። ሴትዮዋ ትጽፋለች፣ ብዙ ትጽፋለች፣ ማህተሙን ታነሳለች፣ ትመታለች፣ ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል፣ ፈቅጃለሁ፣ ትላለች፣ ለባለቤትዎ እዚያ ባለው ቆንስላ በኩል ጥሪ ይደርሳቸዋል፣ ከዚያ መምጣት ይችላሉ፣ ከዚያ ብዕሩን ከድና፣ ድምፅዋን ቀይራ፣ አንቺ፣ ትላታለች፣ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ነቅተሽም ተጣዪው፣ ያለዚያ እዚህ መጥቶ ማንን ሊሰማ ነው፣ በይ ሂጂ፣ የሚቀጥለውን አስገቢልኝ።

ውጭ ፀሐዩ ከፍ ብሏል፣ መንገዱ ነጭ ነው፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መኪኖች በውሃ ውስጥ የሚሄዱ ይመስላሉ፣ እግሯ መሬቱን አይነካም፣ ተፈቀደ፣ ይመጣል፣ ደስ ሊላት ይገባል፣ ደስ ብሏታል፣ ግን ከደስታው ሥር ሌላ ነገር እየፈላ ነው፣ ምንድን ነው፣ ታውቀዋለች፣ የድሮ ወዳጇ ነው፣ ንዴት ነው። አውቆ። አውቆ ዝም አለ። እሷ ይኼን ሁሉ ጊዜ ቀለለው እንዴ እያለች ልቧን ስትበላ፣ እሱ ትርጉሙን ከፍራፍሬ ነጋዴ ተቀብሎ ኪሱ ከቶ፣ ለቢሮ ሰው ይናገራል ለሷ አይናገርም፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትደርሳለች፣ ወረፋው ላይ አትቆምም፣ ስልኩን ታወጣለች።

አለሁ፣ ይላል፣ ሰማሽ ወይ፣ ደህና ነገርኳቸው ወይ።

ለምን አንተ ለእኔ አልተነገረ፣ ትላለች በሱ ቋንቋ፣ ግሱ ተሰብሯል፣ ይሰበር፣ አትጠግነውም፣ እኔ አሰብኩ አንተ አትፈልግ እኔን፣ እኔ አንድ ዓመት አሰብኩ፣ አንተ ታውቃለህ፣ አንተ ዝም፣ ይሄ ጥሩ ሰው አይሠራ። ከዚያ በዕድሜዋ ሰምታው የማታውቀው ነገር፣ ባሏ ይጮሃል፣ መቼ ልንገርሽ፣ ብነግርሽ ይቅርታ ብለሽ ከዚያ በኋላ ነቅተሽ ታድሪ ነበር፣ እንዳልሰማሽ፣ እኔ ሌላ ምንም አልነበረኝም፣ ያቺ ተኝታ የምታወራ ሴት ብቻ ነበረች እውነቱን የምትነግረኝ፣ እሷንም ላጣት ነበር። ወረፋው ላይ ያለች ጃንጥላ የያዘች ሴት ዞር ብላ ታያታለች። እና አንቺስ፣ ይላል፣ መች ጠየቅሽኝ፣ መምጣት ትፈራለህ ወይ ብለሽ መች ጠየቅሽኝ፣ እፈራለሁ፣ እዚያ መጥቼ ሥራዬን በምን አፌ አስረዳለሁ፣ አባትሽ ፊት እንደ ዕቃ እቀመጣለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ እያልኩ፣ አንቺን ሆኜ ልኖር ነው።

አትጨነቅ ማለት አለባት። በሱ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን ቃል ታውቃለች፣ ሦስት አራት ታውቃለች፣ ምንም አይደል፣ ሁሉም ይስተካከላል፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ተኮልኩለው ቆመዋል፣ ነጭ፣ የተተኮሱ፣ እንደ አንሶላ።

አዎ፣ ትላለች፣ እኔን ትሆናለህ።

ትሆናለህ፣ ይከብዳል፣ እኔን ከብዶኛል፣ ትላለች፣ ከዚያ ግሱ ሁሉ ያልቅባታል፣ ያለቀበት ቦታ ላይ ደግሞ የራሷ ቋንቋ ቆሞ ይጠብቃታል፣ እኔን ሲከብደኝ ማን አየልኝ፣ አንተን አይከብድህም ያለህስ ማን ነው፣ ና ግን፣ ከብዶህ ና፣ እያማረርክም ቢሆን ና፣ እኔ እንደሆን ጨዋ አይደለሁም፣ ከዛሬ ጀምሮ እወቀው፣ እዚህ ሰፈር ውስጥ ጠይቅ ማን እንደሆንኩ ይነግሩሃል፣ ትላለች፣ እጇ በአየር ላይ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አንዱም እንደማይገባው ታውቃለች፣ አንዱም ሳይገባው ደግሞ ትንፋሹን ውጦ እየሰማት እንደሆነ ታውቃለች።

ደግመሽ በይው፣ ይላል በመጨረሻ። ቀስ ብለሽ። ዓይንሽ ተከፍቶ ስትናገሪው ሰምቼ አላውቅም።

አውቶቡሱ ይመጣል፣ በሩ ፍሽሽ ብሎ ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ጃንጥላ የያዘችው ሴት እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ፣ አትገቢም ወይ እህቴ፣ ትላታለች፣ እሷ በእጇ ሂጂ ትላለች፣ ሂጂ፣ እዚያ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ሥራም ይጠብቅ፣ አለቃዋም ይጠብቅ፣ ፊቷን ወደ ፀሐዩ ታዞራለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ስማ እንግዲህ፣ ትላለች ባሏን፣ በደንብ ስማኝ፣ እና ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች፣